የአባዬ ጠርሙሶች

አባቴ ጠጪ መሆኑን ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። ማንም አልነገረኝም። ሁለተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት አንድ ቀን ከእማዬ ጋር ቤት ስንደርስ እሱ ቀድሞን ገብቷል። እጅጌውን ወደ ላይ ጠቅልሏል፣ ፊቱ ወዝቷል። ሊስመኝ ጎንበስ ሲል የሚኮመጥጥ ሽታ ከእጁ ላይ መጣብኝ። በሕንፃችን ደረጃ ሲመሽ ግድግዳውን ተደግፎ የሚወጣ አንድ ጎረቤት ነበረን፤ እሱ ባጠገቤ ሲያልፍ ልክ እንደዚያ ይሸተኝ ነበር። ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። አባዬን ሳምኩትና ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ቤተሰቡ እኔን «ጆሮ» ነበር የሚለኝ። ጥግ ላይ ተቀምጬ የትልልቅ ሰዎችን ወሬ ስለምለቅም ነው። ጆሮዬ የሰማውን ሁሉ ይይዛል፤ የያዘውን መገጣጠም ግን ገና አልቻለበትም ነበር።

በመጀመሪያ የገረመኝ የእማዬ ነገር ነው። እማዬ የአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነበረች። አንሶላ አውርዳ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግታ ስታየው፣ ሌላ ሰው በረዶ የመሰለ ያለውን እሷ «ይሄ ቢጫ ነው» ብላ ትመልሰዋለች። ቤታችንንም የምትይዘው እንደዚያው ነው። ወለሉ፣ የወጥ ቤቱ ገንዳ፣ ሽንት ቤቱ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር በበረኪና ይታጠባል። ከጨዋታ ስመለስ ቤታችን መጽዳቱን የማውቀው ገና ደረጃው ላይ ሆኜ ነው፤ ሽታው ወርዶ ይቀበለኛል። የጣቶቿ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ነጭ ነበር። ሳሏንም እንደ ድምፅዋ ነበር የማውቀው፤ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ብትጠፋብኝ በሳሏ ነው የማገኛት።

ታዲያ ይህች አንዲት ጠብታ ከሩቅ የምታይ ሴት፣ ባሏ እንደዚያ እየሸተተ አጠገቧ ሲቀመጥ ምንም አትልም። ሸሚዙን ተቀብላ ትሰቅላለች። ስለ ሥራው ትጠይቀዋለች። እኔ ደግሞ፣ «እማዬ ገመናዋን እየሸፈነች ነው» አልኩ በሆዴ። ከዚያ ቀን በኋላ እጅግ አከበርኳት።

ነገሩ ሌላ ነበር። እማዬ የሸፈነችው ገመና አልነበራትም። ዓመታት ሙሉ በበረኪና እንፋሎት ውስጥ ስትውል አፍንጫዋ ደንዝዞ፣ ሽታ የሚባል ነገር ከተለያት ቆይቷል። ይህንን እሷም በወጉ አላወቀችውም። ማን ማሽተት ማቆሙን ያውቃል?

ማስረጃው ግን መምጣቱን አላቆመም። አንድ ቀን የወደቀ ማንኪያ ልፈልግ ከወጥ ቤቱ ገንዳ ሥር ስገባ፣ ማንም ከማይነካው አሮጌ ባልዲ ጀርባ በጨርቅ የተሸፈኑ ጠርሙሶች አገኘሁ። ጽሑፍ የለባቸውም። አንዱን ከፍቼ ሳሸተው ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሌላ ቀን ከአባዬ ጋር ሰፈራችን ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ አባዬን ሲያይ ፈገግ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዛሬም ሁለት?»

«ሁለት አድርገው። ያኛው አለቀ።»

«ይሄን ያህል ቶሎ! በውሃ አትበርዘውም እንዴ?»

«ቀለል ላለው ግማሽ በግማሽ እበርዘዋለሁ። ጠንከር ሲልብኝ ግን እንዳለ ነው።»

«ባለቤትህስ?»

«እንዳትሰማ! ሲሳካልኝ እኔው እነግራታለሁ።»

አባዬ ዕቃውን በጋዜጣ አስጠቅልሎ ለእኔ ከረሜላ ገዛልኝ። ከረሜላውን የተቀበልኩት ልክ ወንጀለኛ ጉቦ እንደሰጠው ሰው ነው፤ ግን በላሁት።

ከሁሉም የባሰው እራት ከበላን በኋላ በግማሽ ከተዘጋ በር ጀርባ የሰማሁት ነው። አባዬ ነበር የሚናገረው።

«ሐኪሙ ይሄ ነገር ካልቆመ ሳንባ ይጨርሳል ብሏል።»

«ሐኪም የማይለው የለም።»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ስለ ልጅቷ ስትይ!»

«ነገርኩህ እኮ። ያለ እሱ አንድ ቀን አልውልም። ከዚህ ቤት አይወጣም ብያለሁ፣ አይወጣም!»

ትራሴን አቅፌ ይህንን ሳስብ አደርኩ ማለት ይቻላል። ሳንባው ሊያልቅ የደረሰው አባዬ ነው። ሰው ሁሉ አስወጪው እያላት «አይወጣም» ያለችው ስለ እሱ ነው። «ያለ እሱ አንድ ቀን አልውልም!» እንዲህ ያለ ፍቅር በትምህርት ቤት መጽሐፋችን ውስጥ እንኳ አልነበረም።

እማዬ ያን ያህል የተሟገተችለት በረኪናው ነበር።

የእማዬ ታላቅ ወንድም ጸጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ስለነበር፣ እማዬ ከሥራ ወጥታ እስክትወስደኝ እዚያ እቆያለሁ። መስታወት ፊት በተደረደሩት ወንበሮች ጫፍ ላይ እግሬን እያወዛወዝኩ የሰው ወሬ እሰማለሁ። ያን ቀን አጎቴ የአንድ ደንበኛ አንድ ጉንጭ ላጭቶ ወደ ሌላው ሲዞር ጠየቅሁት።

«አጎቴ፣ ሰው ሲጠጣ ሳንባው ያልቃል?»

«ጉበቱ ነው የሚያልቀው፣ አንቺ ጆሮ። ማን ጠጣብሽ ደግሞ?»

«አባዬ።»

ምላጩ አየር ላይ ቀረ። ደንበኛው በግማሽ አረፋ ፊቱ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጠርሙሱን፣ ሱቁን፣ ሐኪሙን። ዛሬም ቢሆን በመናገሬ አልቆጭም። የሚወዱት ሰው ሊጠፋ ነው ብለው ካመኑ ዝም ማለት ምን ይረባል?

«እኔ ሁልጊዜ የምለው ነው» አለ አጎቴ ምላጩን እያስቀመጠ፣ «ይሄ ሾፌር ከመጠን በላይ ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ወይ ያስባል ወይ ይደብቃል!» አባዬ የአንድ ድርጅት ሾፌር ነው፣ አጎቴም ከ«ሾፌሩ» ሌላ ስም አልነበረውም ለእሱ።

ቅዳሜ እማዬ ግማሽ ቀን ትሠራለች። ጠዋት አባዬ ቁርሴን ሰጥቶኝ ከገንዳው ሥር አንድ ጠርሙስ አውጥቶ ሽንት ቤት ገባ። ሙሉውን ይዞ ገብቶ ባዶውን ይዞ ወጣ። ሲራመድ እንኳ አልተንገዳገደም። «እንዴት ለምዶታል!» አልኩ።

እማዬ ከሆቴሉ ከመድረሷ አጎቴ ተከትሏት ገባ። ጸጉሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው መስሎ ነበር።

«እቴ» አላት፣ «ከሾፌሩ ጋር ትንሽ የወንድ ወሬ አለን።»

«አውሩ እንግዲህ፣ ጋሼ። ምነው ግን በሰላም ነው?» አለችና፣ መልስ ሳትጠብቅ ሻርፗን አውልቃ፣ ባልዲና ብሩሽ አንስታ ወደ ውስጥ ሄደች። እሷ እንግዳ ሲመጣ መቀመጥ አይሆንላትም፤ እጇ ሥራ ይፈልጋል።

አጎቴ አባዬን ወጥ ቤት አስገብቶ በሩን መለስ አደረገው። እኔ ቀድሜ ገብቼ በጠረጴዛው ሥር ነበርኩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» ሲል ጀመረ አጎቴ። «እኔ ልፈርድብህ አልመጣሁም። ወንድምህ ነኝ። አውጣው።»

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«ከአሮጌው ባልዲ ጀርባ ያለውን።»

አባዬ ቀላ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ጠርሙስ አወጣ። እንደ ሌባ ነበር የያዘው። አጎቴ ተቀበለው፣ ክዳኑን ፈታ፣ ምናልባት ጥንካሬውን ለመመዘን ይሆናል፣ አንድ ጉንጭ ሙሉ ጨለጠ።

የዚያን ጊዜውን ፊቱን እስከ ዛሬ ሳስታውስ ብቻዬን እስቃለሁ። ዓይኑ ጠፋ። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ገንዳው ላይ ተደፍቶ ተፋና ቧንቧውን ከፍቶ እየተጉመጠመጠ፣ «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ጮኸ።

«አቼቶ ነዋ!» አለ አባዬ። «ምን መስሎህ ነው?»

«አቼቶ ለምን ይደበቃል?»

«ለማጽጃ ነው። ቀስ በል፣ እንዳትሰማ…» አባዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የደከመው ሰው ይመስል ነበር። «ሐኪሙ ሳንባዋን የሚበላው በረኪናው ነው፣ በተለይ ቤት ውስጥ ተዘግታበት ስትሠራ ብሏል። እሷ እንደሆነ ያለ በረኪና ቤት አይጸዳም ባይ ናት። ብትሞት አታምንም። በሥራዬ ከሚገናኙኝ ሰዎች መካከል በአቼቶና በሶዳ ቤታቸውን የሚያጸዱ አሉ። እኔም ሞክሬ፣ አሳክቼ፣ በዓይኗ አይታ ካላመነች በቀር በቃል አይሆንም ብዬ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት ለቆልኛል። ምድጃው ግን አቅቶኛል።»

አጎቴ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሥር አጎንብሶ አየኝ።

«አንቺ ጆሮ! ጠጪ ነው አላልሽኝም?»

«ጠጪ ነው!» አልኩ ወጥቼ። እልህ ይዞኛል። «ዛሬ ጠዋት ሽንት ቤት ገብቶ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ጨርሷል! አይቼዋለሁ!»

አባዬ ሳቅ ሊል ጀምሮ ቆመ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«እናትሽ የት ናት?» አለኝ።

የብሩሽ ድምፅ ይሰማ ነበር። ፈተግ፣ ፈተግ። ከዚያ ሳል። ሳሉን እኔ አውቀዋለሁ፤ ይሄኛው ግን የእሷ አልነበረም፣ እንደ ጨርቅ የሚቀደድ ነበር። ከዚያ ባልዲ ተገለበጠ።

አባዬ ወንበሩን ጥሎ ሮጠ። የሽንት ቤቱ በር ተዘግቷል፤ ለእንግዳው ሽታ እንዳይደርስበት ብላ የዘጋችው እሷው ናት። ሲከፍተው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ነገር ወጣ። አባዬ የቆሻሻው ቅርፊት እስኪለሰልስ ብሎ ጠዋት አቼቶውን መቀመጫው ውስጥ አፍስሶ ትቶታል፤ እሷ ደግሞ የማያሸት አፍንጫዋን ይዛ በላዩ በረኪናዋን ለቃበታለች። ሁለቱ ሲገናኙ መርዛም ጋዝ ይወጣቸዋል። ለየብቻ ሲሆኑ ሁለቱም የቤት ዕቃ ናቸው።

ሸሚዙን በአፉ ላይ አድርጎ ገባ። በብብቷ ይዞ እየጎተተ አወጣትና በረንዳው ላይ አስቀመጣት። አጎቴ መስኮት ሁሉ እየበረገደ፣ «ልጅቷን አውጧት! ልጅቷን!» እያለ ይጮኻል፣ ከእኔና ከእሱ በቀር ግን የሚሰማው ማንም አልነበረም። የእማዬ ከንፈር ግራጫ ሆኗል። ዓይኗ እየፈሰሰ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፤ መናገር ግን አልቻለችም።

የድርጅቱ ፒካፕ ከደጃፍ ቆሟል። አባዬ ያን ቀን እንዴት እንደነዳ አጎቴ ለደንበኞቹ ሲተርክ ዓመታት ኖሯል። እኔ የማስታውሰው የአባዬን አንድ እጅ መሪው ላይ፣ አንዱን ደግሞ የእማዬን መዳፍ ጨብጦ፣ «ተንፍሺ፣ ዓለሜ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» ሲል ነው።

ሆስፒታል ውስጥ አፍንጫዋ ላይ ጭንብል አደረጉላት። በማግስቱ ልንጠይቃት ሲያስገቡን፣ ጭንብሉን ከፍ አድርጋ በሻከረ ድምፅ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል፣ «ሽንት ቤቱን ውሃ ለቃችሁበታል?» የሚል ነበር። አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተደፍቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ መሰለኝ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቀና ሲል ግን ፊቱ ርጥብ ነበር።

ቤት ስትመለስ በረኪና ከቤታችን ወጣ። እማዬ ግን በአንድ ነገር አልተሸነፈችም።

«እሺ» አለችው፣ ብርድ ልብስ ለብሳ ወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበር አስደርጋ እየተቀመጠች። «ይሄ ያስደበቀህ ነገር ያጽዳ እስቲ። ልየው።»

አባዬ ሽርጥ አሰረ። የሙያ ሰው ለመምሰል እጅጌውን ሰበሰበ። በምድጃው ላይ ሶዳ ነሰነሰ፣ በላዩ አቼቶ ሲያፈስስ ፍ-ሽ-ሽ ብሎ ነጭ አረፋ ገነፈለ፤ እኔ አጨበጨብኩ።

«አየሽ!» አለ አባዬ። «እንዴት እንደሚፈላ!»

አረፋው ተኛ። የጠቆረው ስብ ግን እንደነበረ ቁጭ ብሏል። አባዬ ጨመረ። እንደገና ፈላ፤ እንደገና ተኛ። ከዚያ በድንጋይ ጠረጴዛው ላይ አቼቶ አፍስሶ ሲፈትገው አንጸባራቂው ደብዝዞ አመድ መሰለ። ስፖንጁን ሳያጥብ ወደ ቧንቧው ወሰደው፤ ቧንቧው የነበረበትን ቅርፊት ሳይለቅ ጭራሽ የምድጃውን ጥቀርሻ ጨመረ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆነ። እማዬ ሻይዋን እየጠጣች ታያለች፤ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ አንዳንዴ «እ!» ትላለች። ፀሐይዋ ወደ ሌላኛው መስኮት ስትዞር ብርድ ልብሱን ጥላ ተነሳች።

«አምጣ ወዲህ! ምድጃዬን ገደልከው እኮ!»

ስፖንጁን ከእጁ ነጠቀችው።

«ሁለቱን ምን አንድ ላይ አገናኛቸው? አንዱ የአንዱን ጉልበት ይጨርሰዋል፣ የቀረህ ጨዋማ ውሃ ነው። ተራ በተራ አስገባቸው!» ሶዳውን በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ ለውሳ ምድጃው ላይ ቀባችው። አባዬ ወዲያው ሊፈትግ እጁን ሲዘረጋ መታችው። «ተው! ይቀመጥበት። ቆሻሻ በጉልበት አይደለም የሚለቀው፣ በጊዜ ነው። ሲለቅ ራሱ ይጠራሃል።» እግረ መንገዷን ሌላ ጨርቅ በአቼቶ ነክራ ቧንቧው ላይ ጠመጠመችው። የጠረጴዛውን ድንጋይ እያየች ራሷን ነቀነቀች። «ድንጋይ ኮምጣጣ አይወድም። ለእሱ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። ያላረረ ስብም እንደዚያው፤ የሚፈራው ሳሙናን ነው። እያንዳንዱ ቆሻሻ የራሱ ባላጋራ አለው!»

ሊጡ ሲደርቅ በርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። የጠቆረው ስብ እንደ ቆዳ ተልጦ ተነሳ። ከሥሩ የምድጃው ብረት ወጣ፣ የአባዬ ፊት እስኪታይበት። የቧንቧውን ጨርቅ ስትፈታው ቅርፊቱ በጣቷ ጫፍ ረገፈ። መስኮቱ ጋ ሄዳ፣ አንሶላ እንደምታይበት ዓይን፣ ስፖንጁን በብርሃኑ ላይ ይዛ አገላበጠችው።

«ይሆናል» አለች።

ከእሷ አፍ ይህ ቃል ከወጣ አዋጅ ነው። ሆቴሉም ሳይቀር ቀስ በቀስ ሰማው፤ ማጠቢያ ክፍሉ ትልቅ መስኮት ተከፈተለት፣ በረኪናውም ሐኪም በሽታ አለና ይረጭ ሲል ብቻ፣ በጓንት፣ ለብቻው፣ ነፋስ ባለበት የሚወጣ ሆነ። ሳሏ ለመቀነስ ብዙ ወራት ፈጀ፤ ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን ሌሊቱን ለቀቀላት። አፍንጫዋም ተመለሰ። አንድ ማለዳ ከመኝታ ቤታቸው ጩኸት ሰምተን ስንሮጥ፣ የአባዬን ካልሲ በሁለት ጣቶቿ አንጠልጥላ፣ «ይሄን ሁሉ ዘመን ከዚህ ጋር ነው የተኛሁት?» ትላለች።

አሁን የራሴ ቤት፣ የራሴ ምድጃ አለኝ። ሊጡን ቀብቼ እስኪሠራ ስጠብቅ የዚያ ቀን ነገር ትዝ ይለኛል። ለብዙ ዓመታት የማምነው አባዬ የሚለውን ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ «አውቄ ነው ያበላሸሁት» ይላል፣ እግሩን አነባብሮ። «እሷን የማውቃት እኔ ነኝ። ጥሩ አድርጌ ባጸዳ ኖሮ እንከን ፈልጋ ትጥለው ነበር። ሲበላሽ ግን እጇ አያስቀምጣትም። ራሷ ይዛ ራሷ አመነችው!» አጎቴ ጭኑን እየመታ ይስቃል። እማዬ ታዳምጣለች፤ አንድም ቀን አስተባብላ አታውቅም። በሆዴ፣ «እንዴት ያለ ብልህ አባት አለኝ» እላለሁ።

ባለፈው እሑድ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ እውነት አባዬ አውቆ ነው?»

«እሱ?» አለች ዙሪያዋን ቃኝታ፣ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ። «ምን አውቆ! የምሩን ነው ያበላሸው። እስከ ዛሬስ መቼ ቻለበት?»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ሲል ዝም ትይዋለሽ?»

«ይበል። ምን ጎዳኝ?» ጸጉሬን ከግንባሬ ወደ ኋላ መለሰችልኝ፣ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው። «እኔ እንደሆንኩ የወሰንኩት እዚያው ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። በረኪናውን እንደማልነካው ለራሴ ጨርሻለሁ። ምድጃውንም ባየሁት ቅጽበት ምን እንደሚፈልግ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለምን ተቀመጥሽ?»

እማዬ ሳቀች፤ ሳል ሳያቋርጣት፣ ረጅም ሳቅ።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «ስንት ዓመት እኔ ስሠራ እሱ ቁጭ ብሎ ሲያይ ኖሯል። አንድ ቀን እሱ ሲሠራ እኔ ቁጭ ብዬ ባየው ምናለበት?»